ጉዳዩ፦ ኒውዚላንድ ውስጥ ዳውትፉል ሳውንድ የሚባለውን ፊዮርድ ላይ ብዬ ከፍዬ ሚልፎርድ ሳውንድ ወደሚባል ሌላ ፊዮርድ ስለመወሰዴ

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለጉዞ ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ስታዲየም አካባቢ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ በእግሬ ቢሯችሁ መጥቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ “ማናጀሩ ስብሰባ ላይ ናቸው” ተባልኩ። ስብሰባው ያለቀ እንደሆነ ይህን ያንብቡልኝ።

29 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ፊዮርድን ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሣልኩት ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። የበረዶ ግግር ተራራውን እየፋቀ ይወርዳል። ሸለቆውን ወለሉን ሰፊ፣ ግድግዳውን ቀጥ ያለ አድርጎ ይቦረቡረዋል። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ ይገባበታል። ተማሪዎቼን “ሀ ጻፉና ውስጡን ውሃ ሙሉት” እላቸው ነበር። ሲያዩት ይገባቸዋል። እኔ ግን ራሱን ፊዮርዱን ሳላየው ጡረታዬ ደረሰ። ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ከተማ የሚኖረው ልጄ የግብዣ ደብዳቤ ሲልክልኝ፣ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው “ፊዮርድ ሳላይ አልመለስም” የሚል ነው።

የኒውዚላንዱ ፊዮርድላንድ ብሔራዊ ፓርክ ከ1.2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍን ዱር ነው። ከፊዮርዶቹ ከአገሩ የመኪና መንገድ ጋር የተገናኘው ሚልፎርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ዳውትፉል ሳውንድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። መጀመሪያ የማናፑሪ ሐይቅን በጀልባ ታቋርጣላችሁ። ከዚያ አውቶቡስ ዊልሞት ፓስ የሚባለውን ተራራ ያሻግራችኋል። ከዚያ እንደገና ጀልባ ነው። ውሃው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጀልባ ነጂዎቹ ሞተር አጥፍተው “እስቲ ዝም በሉ” የሚሉበት ቦታ ነው።

እኔ የፈለግኩት ያንን ዝምታ ነው። ቤቴ ለገሃር አጠገብ ነው። “ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት፣ ሁለት ሰው ብቻ!” የሚል ጩኸት እየቀሰቀሰኝ ነው ያረጀሁት። ይህን ሁሉ ለሠራተኛችሁ ነግሬያታለሁ። ደረሰኙም ላይ “ዳውትፉል ሳውንድ፣ ጀልባ ላይ አንድ ሌሊት ማደር፣ 98,000 ብር” ብላ ጽፋለች። ኮፒው ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ጥምቀትን እዚሁ አክብሬ ተነሣሁ። ጥር 21 ቀን ንጋት ላይ ክዊንስታውን ከሆቴሌ በር ላይ ትልቅ አውቶቡስ ወሰደኝ። ሰው ጢም ብሏል። ሹፌሩን “ሐይቁ ጋ ስንት ሰዓት እንደርሳለን?” አልኩት። “የምን ሐይቅ?” አለኝ። ጉዞው ወደ ሚልፎርድ ነበር። ወደ 290 ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ ሁለት ሰዓት ጀልባ ላይ ቆይቼ፣ ያንኑ 290 ኪሎ ሜትር በዚያው ቀን ተመለስኩ። የሌሊት አዳር የሚባል ነገር የለም። መርከብ ማረፊያው ላይ አውቶቡሶቹ ተደርድረው ሳይ መስቀል አደባባይ የደረስኩ ነው የመሰለኝ።

በልጄ ስልክ ደወልኩላችሁ። ልጅቷ አንስታ “ማዘር፣ ሁለቱም ፊዮርድ እኮ ነው። ሁለቱም ውሃና ገደል ነው። ምን ልዩነት አለው?” አለችኝ። ፈተና ላይ ብትሆን ዜሮ ነበር የምሰጣት። ጣና ለመሄድ የከፈለን ሰው ሐዋሳ አውርዳችሁ “ሁለቱም ሐይቅ ነው” ትሉታላችሁ?

ሐሰት መናገር ስለማልወድ ሚልፎርድን አላማም። ያማረ ነው። ዝናቡም ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቀኑን ሙሉ ዘነበ፣ ደግ አደረገ። እዚያ በዓመት ከ6,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚወርደውን አምስት እጥፍ ማለት ነው። ሲዘንብ ገደሉ ሁሉ ፏፏቴ ይሆናል፤ ዝናቡ ሲያባራ አብዛኛው ይጠፋል። ስተርሊንግ የሚባለው ቋሚው ፏፏቴ 151 ሜትር ነው። ጀልባዋ ሥሩ ድረስ ተጠግታ ነጠላዬን አበሰበሰችው። እኔም እንደ ልጅ ሳቅሁ። የምትናከሰውንም ትንሽ ዝንብ ተችያታለሁ፤ አገሯ ነው። ነገር ግን በድምፅ ማጉያ የሚጮኸው አስጎብኚ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ዝም አላለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማር ነው። ለልጄ ሁለት ኪሎ ነጭ ማርና ትንሽ በርበሬ ይዤ ነበር። ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላውን የመንገደኛ መግለጫ የሞላችልኝ ይህችው ሠራተኛችሁ ናት። ምግብ ይዘው እንደሆነ ለሚጠይቀው “አልያዝኩም” ብላ ሞላች። “ማር አለኝ እኮ ልጄ” ስላት “አለ ካልን ያንገላቱዎታል” አለችኝ። ኦክላንድ ስደርስ ሻንጣዬ ተከፈተ። በርበሬውን አገላብጠው አይተው መለሱልኝ። ማሩን ወሰዱት። የንብ በሽታ እንዳይገባባቸው ስለሚሰጉ መንገደኛ ማር ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። አለኝ ብዬ አስመዝግቤ ቢሆን ኖሮ ማሩ ይቀር ነበር እንጂ ቅጣት አልነበረም። ስላላስመዘገብኩ 400 የኒውዚላንድ ዶላር ቀጡኝ። ልጄ እያፈረ ከፈለልኝ።

እዚህ ላይ የኔም ጥፋት አለ። አስተማሪ ሆኜ ውሸት ሲጻፍ እያየሁ ዝም አልኩ። ስለዚህ የቅጣቱን ግማሽ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ 200 ዶላሩን።

ለፊዮርዱ ከከፈልኩት 98,000 ብር ግን የሚልፎርዱ የቀን ጉዞ ዋጋ ተቀንሶ ቀሪው በሙሉ ይመለስልኝ። የቀን ጉዞውን ዋጋ ከራሱ ከአስጎብኚው ደረሰኝ አሳዩኝ፤ በአፍ የሚነገረኝን አልቀበልም። በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታዬን ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ። አዋጁ ሸማች ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ መብት ይሰጠዋል።

ልጅቷን ከሥራ አታባርሯት። ካርታ አሳዩዋት። ዳውትፉልን አጠራጣሪ ብሎ የሰየመው ካፒቴን ጀምስ ኩክ ነው። በ1770 እ.ኤ.አ. ከፊዮርዱ አፍ ላይ ደርሶ፣ ከገባሁ በኋላ ነፋሱ መልሶ ያስወጣኛል ወይ ብሎ ተጠራጥሮ ሳይገባ አለፈ። እኔም ሳልገባ ቀረሁ፤ ያስቀረኝ ግን ነፋስ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእንግዳ መቀበያችሁ በላይ “ዳውትፉል ሳውንድ” ብላችሁ የሰቀላችሁት ትልቅ ፎቶ አለ። ሹል ጫፍ ያለው፣ ከውሃው ቀጥ ብሎ የወጣው ተራራ ማይተር ፒክ ይባላል። የሚገኘው ሚልፎርድ ነው። ገንዘቤን እስክትመልሱ ድረስ ቢያንስ ጽሑፉን አስተካክሉት።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች፣ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርት