ኤግኖጉን ሥሩት፣ እንቁላሉን ግን አብስሉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

ባለፈው እትማችሁ የበዓል ገጽ ላይ ኤግኖግ የሚባለውን የወተትና የእንቁላል የገና መጠጥ ቤት ውስጥ ስለማዘጋጀት የወጣውን አጭር ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ስሙን ሰምተው፣ ጓደኞቻቸው ቤት ቀምሰውት የሚመጡትን መጠጥ እኛም በራሳችን ድስት ብንሠራላቸው ጥሩ ነው። አሠራሩ ላይ ግን እንቁላሉን ከወተትና ከስኳር ጋር መትቶ በቀጥታ ፍሪጅ ማስገባት ነው የሚለው። እሳት የሚባል ነገር የለበትም። ይሄ መታረም አለበት።

ጥሬ እንቁላል ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ቅርፊቱ ንጹሕ ነው፣ አልተሰነጠቀም ማለት ዋስትና አይሆንም፤ ባክቴሪያው ውስጡም ሊኖር ይችላል። ጤነኛ ጎልማሳ ለጥቂት ቀን ተቅማጥና ትኩሳት አሠቃይቶት ሊያልፍለት ይችላል፣ ነፍሰ ጡር ላይ፣ ሕፃን ላይ፣ በዕድሜ የገፉ እናትና አባቶቻችን ላይ ግን ይከብዳል። ለገና ቤታችን የሚሰበሰበው ደግሞ ማን ነው? እነሱው ናቸው።

«ሩም ወይም ብራንዲ ከገባበት እኮ አልኮሉ ይገድለዋል» የሚልም አይጠፋም። በዚህ አትተማመኑ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ራሱ አልኮል መጨመር አስተማማኝ አይደለም ይላል። የሚያዋጣው ሙቀት ነው፤ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እዚህ አሜሪካ ባለው ቴርሞሜትር 160 ፋራናይት።

ታዲያ ከመደብር ገዝተን ለምን አንገላገልም የሚል ይኖራል። የመደብሩ ፓስቸራይዝ የተደረገ፣ ማለትም ባክቴሪያው እንዲሞት በሙቀት የታከመ ስለሆነ ይሄ ስጋት የለበትም፤ እሱ እውነት ነው። ግን የካርቶኑን ጀርባ አንብቡት። በአሜሪካ ሕግ አንድ መጠጥ ኤግኖግ ተብሎ ለመሸጥ ከእንቁላል አስኳል የሚገኘው ደረቅ ይዘት ቢያንስ 1 በመቶ ከሆነ ይበቃዋል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ላይ የእንቁላሉ ጣዕም ጠፍቶ ስኳሩ ብቻ የሚሰማን። በዚያ ላይ ቀኑ አይገጥምልንም። ፈረንጁ ዲሴምበር 25 ሲያከብር እኛ ታኅሣሥ 16 ላይ ነን፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቷል፣ ወተትም እንቁላልም ቤት አይገባም። ጾሙ ተፈትቶ ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ደግሞ ኤግኖጉ ከመደብሩ ፍሪጅ ተነሥቶ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ተደርድሯል። ልጆቹ አንድ ወር ሙሉ ሲጓጉ ከርመው በራሳቸው በዓል ቀን የለም ሲባሉ ያሳዝናል። እኔ ቤት መሥራት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። 6 እንቁላል ሰብራችሁ አስኳሉን ከነጩ ለዩ። (ነጩን አትድፉት፤ በማግሥቱ በሽንኩርትና በቃሪያ ይጠበሳል።) አስኳሉን በግማሽ ኩባያ ስኳር ምቱት፣ ቢጫው ፈዝዞ ወደ ነጭ እስኪያደላና ከመምቻው ላይ ወፍሮ ቀስ እያለ እስኪወርድ። በሌላ ድስት 2 ኩባያ ወተት፣ 1 ኩባያ ሄቪ ክሬም (ወፍራም የወተት ክሬም)፣ ቁንጥር ጨው፣ አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገውዝ አድርጋችሁ ለዘብ ባለ እሳት ጣዱ። ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ አረፋ ማውጣት ሲጀምር አውርዱት። እንዳይንተከተክ።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ትኩሱን ወተት በአንዴ አስኳሉ ላይ ከገለበጣችሁት እንቁላሉ ወዲያው ይበስልና ይጓጉላል፣ ከዚያ በኋላ ማዳን የለም። ስለዚህ አንዱ ሰው አስኳሉን ሳያቋርጥ ይምታ፣ ሌላው ወተቱን በጭልፋ ትንሽ ትንሽ እያለ ያፍስስለት። ግማሽ ያህሉ ሲገባ አስኳሉ ሙቀቱን ለምዷል፤ የቀረውን ማፍጠን ይቻላል። ከዚያ ሁሉንም ወደ ድስቱ መልሱና በጣም ለስላሳ እሳት ላይ፣ የድስቱን ታች እየጠረጋችሁ፣ በእንጨት ማማሰያ አማስሉ። ይሄኔ ስልክ ማንሳት የለም። 71 ዲግሪ ሲሞላ ወዲያው አውርዱት፤ ወደ 80ዎቹ ከገባ መጓጎል ይጀምራል። አንዳንዱ ሰው የማማሰያውን ጀርባ በጣቱ ያሰምርበትና መስመሩ ተመልሶ ካልገጠመ ደርሷል ይላል። እሱ ውፍረቱን ይነግራችኋል፣ ሙቀቱን ግን በእርግጠኝነት አይነግራችሁም። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ውድ ዕቃ አይደለም፤ ለዶሮውም ለሥጋውም ይሆናችኋል።

አውርዳችሁ በወንፊት አጥልሉት፣ ቅመሙ እዚያው ይቀራል። ጥቂት ቫኒላ ጠብ አድርጉበትና ድስቱን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፤ በረድ ሲል ፍሪጅ ይግባ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አይክረም። በሦስት ቀን ውስጥ ጠጥታችሁ ጨርሱት። አልኮል የሚፈልግ ትልቅ ሰው በራሱ ብርጭቆ ይጨምር እንጂ ማሰሮው ላይ አይግባ፤ ልጅም፣ የማይጠጣ ሰውም ከዚያው ነው የሚቀዳው።

ቅመሙ ላይ የራሴ አቋም አለኝ። ገውዙን ተፈጭቶ በጠርሙስ የተቀመጠውን አትግዙ። ፍሬውን ገዝታችሁ በዚያው ሰዓት በግሬተሩ ደቃቅ በኩል ፈግፍጉት፣ ሽታው ቤቱን ያውደዋል። ግን ልኩን አትለፉ፤ ገውዝ ሲበዛ ሰው ያሳምማል፣ በተለይ ልጅ። የአገር ቤት መዓዛ የሚፈልግ ደግሞ ኮረሪማ ያስገባ። ከአንድ ኮረሪማ ውስጥ የሚወጣውን ፍሬ ግማሹን ብቻ ደቁሶ ከወተቱ ጋር ማሞቅ ይበቃል። ለቡና ወይም ለቅቤ እንደምናደርገው እፍስ አድርጎ መጨመር ወተቱን መራራ ያደርገዋል። እኔ ከሄል ይልቅ ኮረሪማውን እመርጣለሁ፤ ከክሬሙ ጋር ሲገናኝ ጭስ ጭስ የሚል ነገር አለው፣ የሄሉ ግን ሽቶ ይመስለኛል።

በጾሙ ወቅት የሚጓጓ ልጅ ላለበት ቤትም መላ አለ። ፖርቶ ሪኮዎች ለገና ኮኪቶ የሚባል የኮኮናት መጠጥ ይሠራሉ። በተለመደው አሠራር የቆርቆሮ ወተትና ሩም አለበት። ሁለቱን ትታችሁ የኮኮናት ወተት፣ የኮኮናት ክሬም፣ ስኳር፣ ቀረፋና ገውዝ በብሌንደር ምቱና አቀዝቅዙት። እንቁላል የለ፣ ጾም የሚያስፈታ ነገር የለ፣ ውፍረቱ ግን ከኤግኖጉ አይተናነስም። ሱፍም አለን እኮ! ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ላይ ቀረፋና ትንሽ ስኳር አድርጉበት፤ ልጆቼ ከኮኮናቱ እኩል ነው የሚሻሙበት። ይሄን ስለ ጾም መጠጥ ያለውን ክፍል ለብቻው ብታወጡት ብዙ ቤት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

እርማቱን በተመለከተ ልመናዬ አንድ ነው። ከጃንዋሪ 7 በፊት በሚወጣው እትም፣ ጽሑፉ በወጣበት በዚያው የበዓል ገጽ ላይ፣ ከነዲግሪው አውጡት። ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል አይሁን። የመጀመሪያውን አሠራር ቆርጠው ፍሪጃቸው ላይ የለጠፉ ጎረቤቶች አሉኝ፣ ለእነሱ በአፌ ነግሬያቸዋለሁ፤ የማላውቃቸው አንባቢዎቻችሁ ጋ ግን መድረስ የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ