ጄኔሬተር ልትገዙ ነው? ካውያችሁን ይዛችሁ ሂዱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አዲስ አበባ ውስጥ ጄኔሬተር ጠጋኝ ነኝ። ህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ጓደኞቼ "እንግዲህ ሥራ ቀይር" እያሉ ሲቀልዱብኝ ነበር። እኔም ደስ ብሎኛል፣ 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ግን የሚመነጨው ሌላ፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ያረጀው መስመር ሌላ። ዝናብ ጠብ ሲል መብራት እልም የሚልበት ሰፈር አሁንም ሞልቷል። ስለዚህ ሰው ያቺን ሻንጣ የምትመስል ኢንቨርተር ጄኔሬተር መግዛቱን አላቆመም። ለቤት ትሆናለች፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ መኪና ኋላ ተጭና ላንጋኖ ትወርዳለች። የምጽፍላችሁ ሰው ሲገዛ ስለሚያየው ቁጥር ነው።

ወደ እኔ ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ያልተበላሹ ናቸው። ሰውየው "ሞተሩ ይሠራል፣ መብራት ግን አይሰጥም" ይላል። አያለሁ፣ ቀይዋ መብራት በርታለች። ከአቅሟ በላይ ጭነውባት ራሷን ቆርጣለች ማለት ነው። ሞተሩን አጠፋለሁ፣ የተሰካውን ሁሉ እነቅላለሁ፣ እንደገና አስነሳለሁ። ሠራች። ለዚህ ገንዘብ መቀበል ያሳፍራል፣ ግን የቤት ኪራይም አለ።

"ስንት ዋት ናት?" እላለሁ። "2,200።" "ምን ሰካህባት?" "ፍሪጅና ካውያ፣ ቢበዛ 1,700 ቢሆኑ ነው።" መደመሩስ ልክ ነው። ችግሩ ካርቶኑ ላይ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ጄኔሬተሯ ለአፍታ፣ ሞተር ሲነሳ ለምሳሌ፣ ልትሰጥ የምትችለው ነው። ሳታቋርጥ የምትሰጠው ከዚያ ያንሳል፣ እሱም በትንሹ ተጽፎ ጎን ላይ ይገኛል። ሁሉም የሚያውቃትን የሆንዳ ኢዩ22አይ (EU22i) ውሰዱ። ትልቁ ቁጥር 2,200 ነው፣ ሳታቋርጥ የምትሰጠው ግን 1,800 ዋት። ይህን እንኳ ብዙ ሰው ሰምቷል። ሻጩ የማይነግራችሁ ቀጥሎ ያለውን ነው።

ሞተር የሚተነፍሰው አየር ነው፣ ከፍ ባልን ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። የሆንዳ መመሪያ ራሱ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ይቀንሳል ይላል፣ ያውም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ለከፍታ ተስተካክሎ። ካልተስተካከለ ከዚያም ይብሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 300 ስምንት ጊዜ ይገባበታል፣ ስለዚህ 28 በመቶው ሄደ። 1,800 ያላችሁት ወደ 1,300 ዋት ወረደ ማለት ነው። ሰውየው 2,200 ብሎ ከፍሎ ቤቱ የገባው 1,300 ነው። ማንም ዋሸው አልልም፣ ግን ማንም አልነገረውም።

ያልተስተካከለችዋን ጄኔሬተር ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለውን፣ ፈትታችሁ ብታዩ ትገረማላችሁ። የማገዶ ድስት ቂጥ ነው የሚመስለው፣ ጥቁር ጥላሸት። አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ ስላልቀነሰ ነው። ትጠጣለች፣ ታጨሳለች፣ ጉልበት የላትም። መፍትሔው ካርቡሬተሩ ውስጥ ጄት የምትባለውን ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ ነሐስ ጠባብ ቀዳዳ ባላት መቀየር ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው አምራቹ ራሱ የሚመክረው ይህን ነው።

አሁን ወደ ካውያው ልምጣ። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ያስነሳታል፣ አንድ አምፖል ይሰካባታል፣ "አየህ? ድምፅ እንኳ የላትም!" ይላል። በአንድ አምፖል ማን ይጮሃል? ካውያችሁን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ዋቱ እላዩ ላይ ተጽፏል፣ 1,000 ወይም 1,200 ቢሆን ለእነዚህ ትንንሾቹ ጥሩ ነው፣ የእንፋሎቱ 2,000 ምናምን የሚለው ግን ማንኛዋንም ይጥላል፣ እሱን ተዉት። ሙቀቱን እስከ ጫፍ አዙራችሁ ሰኩት። ጥሩዋ ጄኔሬተር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትይዛለች። ደካማዋ ታቃስታለች፣ አምፖሉ ይርገበገባል፣ ቀዩ ይበራል። ካውያው ሲግል ራሱ ስለሚቆርጥ አንዴ ስለያዘች አትጨብጭቡ፣ ቆርጦ እንደገና ሲመለስ እዩት። ሩብ ሰዓት ቁሙ። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር፣ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

በዚያው እውነተኛ ኢንቨርተር መሆኗንም ታያላችሁ። የድሮው ጄኔሬተር ሥራ ቢኖርም ባይኖርም በደቂቃ 3,000 ዙር ይዞራል፣ 50 ኸርዝ የሚገኘው በዚያ ስለሆነ። ኢንቨርተሯ ያመነጨችውን መጀመሪያ እንደ ባትሪ ወዳለው ዲሲ ትቀይረውና በኤሌክትሮኒክስ አጥርታ መልሳ እንደ ግድግዳው ሶኬት ያለ ኤሲ ታደርገዋለች፣ ስለዚህ ሞተሩ እንደጭነቱ ቀስ ማለት ይችላል። ቤንዚን የምትቆጥበውም፣ ለላፕቶፕና ለቴሌቪዥን የምትመቸውም ለዚህ ነው። ኢኮ የሚለውን ማብሪያ አብሩ። ካውያውን ስትነቅሉ ድምፅዋ ዝቅ፣ ስትሰኩ ከፍ ማለት አለበት። ሁሌም አንድ ዓይነት ከጮኸች የለበሰችው ፕላስቲክ ነው እንጂ ውስጧ የድሮው ነው።

ቤት ውስጥ ምን ታነሳለች? ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት ቢበላ ነው፣ ሲነሳ ግን ለአፍታ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ቴሌቪዥን 100፣ ዋይፋይ 15፣ ስድስት አምፖል 60፣ ላፕቶፕና ስልኮች 100። ሲደመር 425 ዋት ነው። በ1,300 ዋት በደንብ ትኖራላችሁ። ወደ ሮቶ ውኃ የሚገፋው ፓምፕ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ከሆነ 370 ዋት ነው፣ ሲነሳ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ፍሪጁን ነቅላችሁ ለብቻው አስነሱት። ፍሪጅ ደግሞ በሩ ካልተከፈተ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቤንዚን ማንደድ አያስፈልግም። ደግሞ በጀሪካን መቅዳት እንደድሮው ቀላል አይደለም፣ ማደያው እንቢ ሊላችሁ ይችላል፣ ቀድማችሁ አጣሩ።

ምጣድስ? ምጣድ የለም! የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። አዲስ አበባ ላይ ይህን ለማግኘት ወደ 5,000 ዋት የሚጠጋ ቋሚ አቅም ያስፈልጋል፣ ያቺ ደግሞ በአንድ እጅ የምትነሳዋ 21 ኪሎ ሻንጣ አይደለችም። ለእንጀራ ብላችሁ ትልቅ አትግዙ። መብራት እስኪመጣ እንጀራ ከሱቅ ይገዛል።

ለካምፕ ከሆነ ሒሳቡን በየቦታው ሥሩት። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ገደማ ነው፣ ያቺው ጄኔሬተር እዚያ ከ1,400 ዋት በላይ ትሰጣለች። ወንጪ ሐይቁ ጋ 2,900 ገደማ ነው፣ ወደ 1,200 ትወርዳለች። ጄቷን ለአዲስ አበባ ያስቀየራችሁ አዋሽ ወይም አርባ ምንጭ ስትወርዱ ተጠንቀቁ። ከ1,500 ሜትር በታች ቤንዚኑ ያንሳትና ትግላለች፣ ሞተሩም ይጎዳል። ስትጭኗት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟት፣ ክዳኗ ላይ ያለችውን መተንፈሻ ዝጉ፣ አለዚያ መኪናው ቤንዚን ቤንዚን ይላል። እንደ እኔ ግን ለሁለት ሌሊት አምፖል፣ ስልክና ስፒከር ብቻ ለሚፈልግ ሰው ፓወር ስቴሽን የሚሉት ሊቲየም ባትሪ ይበቃል። ስሜን ተራራ ድረስ ሞተር ይዞ ሄዶ ጭላዳ ማስደንበርማ ምን የሚሉት ካምፕ ነው?

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩም ባትሪውን ግዙ። በረንዳ ላይ ቤንዚን ሞተር ማስነሳት አይሆንም፣ የጎረቤት ጠብ ቢቀር እንኳ ጭሱ ይገድላል። ቤት ዘግተው ከሰል ያነደዱ ሰዎች ሲሞቱ የምንሰማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከጄኔሬተሯ ጭስ ማውጫ፣ ከማርሚታዋም ይወጣል፣ ሽታም ቀለምም የለውም። ወጥ ቤት፣ ሰርቪስ፣ ድንኳን አፍ፣ አንዱም አይሆንም። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ራቅ፣ ማርሚታዋም ወደ ውጭ ትዙር። ዝናብ ከሆነስ ለሚለኝ፣ ከላይ ብቻ ዳስ ነገር ሥሩላት፣ ጎኗ ክፍት ይሁን።

ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ ገመድ ሠርታችሁ ግድግዳው ሶኬት ላይ የምትሰኩ ደግሞ፣ እባካችሁ ተዉ። የእናንተ መብራት ወደ መስመሩ ወጥቶ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ወይ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ቤቱን ከመስመሩ ለይቶ ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረውን ቼንጅ ኦቨር አስገቡ፣ ወይ በኤክስቴንሽን ቀጥታ ተጠቀሙ።

ዘመድ ከአሜሪካ "ልላክልህ" ካላችሁ አመስግናችሁ ገንዘቡን ይላክላችሁ። የዚያኛው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ከዱባይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ይሄዳል፣ ሳውዲ ግን 60 ኸርዝ ነውና ጄኔሬተሯ ላይ ቮልትና ኸርዝ የተጻፈበትን ታርጋ አንብቡ።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ዘይቱን ከመጀመሪያው 20 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ቀይሩ። በወር አንዴ አስነሷት። ለወራት የምታስቀምጧት ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን አፍስሱ፣ ከርሞ ሙጫ ይሆናል፣ እሱን ለማጽዳት ወደ እኔ ትመጣላችሁ።

አስመጪዎችም ይህን ጋዜጣ ያነባሉ ብዬ እገምታለሁ። ካርቶኑን አትቀይሩ፣ እሺ። ግን የአዲስ አበባውን ዋት የሚናገር አንዲት ወረቀት ለጥፉበት፣ የከፍታውንም ጄት ከዕቃው ጋር አብራችሁ አስመጡ። ገዢው በየጠጋኙ ቤት እየዞረ ሲፈልግ፣ ያጣም ሰው የድሮዋን በመርፌ ሲጎረጉር እያየሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ጄኔሬተር ጠጋኙ፣ ከአዲስ አበባ