ስለ ድራይ ክሊን አሠራራችን ለውጥ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ጃንዋሪ 27 ቀን 2025
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለገናና ለጥምቀት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ሰሞኑን የበዓል ልብሳችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ሁሉ ሁለት ጥያቄ ጠይቃችሁናል። ዋጋው ለምን ጨመረ? በማግስቱ ይደርስ የነበረው ልብስስ ለምን ሦስት ቀን ይፈጃል? ሰው ተሰልፎ እያለ ካውንተር ላይ ቆሞ በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ፣ በጽሑፍ ላስረዳችሁ ወደድኩ።

ከዚህ ወር ጀምሮ ፐርክ የሚባለውን ኬሚካል መጠቀም አቁመናል። ሙሉ ስሙ ፐርክሎሮኢትሊን ነው። ድራይ ክሊን "ደረቅ" የተባለው ውሃ ስለማይገባበት ነው እንጂ ልብሱስ ይርሳል፤ የሚርሰው በዚህ ፈሳሽ ነው። ቅባት ያወጣል፣ ሱፍ አያኮማትርም፣ እሳትም አይዘውም። ለብዙ አሥርት ዓመታት የአሜሪካ ላውንደሪ ቤቶች ዋና መሣሪያ ሆኖ የኖረው ለዚህ ነው። ልብሳችሁን ከላስቲኩ ስታወጡ የሚመጣው ጣፈጥ ያለ ሽታ፣ አንዳንዶቻችሁ "የንጽሕና ሽታ" የምትሉት፣ እሱ ነው።

እናንተ ለደቂቃ ታሸቱታላችሁ፤ ማሽኑን የሚከፍተው ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ይተነፍሰዋል። እኔ ይህን ቤት ከመክፈቴ በፊት ስድስት ዓመት በሌላ ላውንደሪ ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ማሽኑ አሮጌ ነበር፣ የበሩ ጎማም ተበልቶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፐርኩ ተጣርቶ ከሥር የሚቀረውን ጥቁር ጭቃ እየዛቅሁ የማወጣው እኔ ነበርኩ። እንፋሎቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ ጎንበስ ሲሉ ፊትን ነው የሚቀበለው። ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ ቁርስ ስላልበላሁ ይመስለኝ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ "ትንፋሽህ ላውንደሪ ላውንደሪ ይላል" ትለኛለች። ገላዬን ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ጥርሴን ፍቄ እንኳ አይለቅም። ፐርክ ስብ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሥራ ከወጡም በኋላ ለቀናት በትንፋሽ እየወጣ እንደሚቆይ የተማርኩት ከዓመታት በኋላ ነው። በርሜሉ ላይ የተለጠፈው ማስጠንቀቂያ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ ያኔ አንብቤ አልረዳውም።

ጉዳቱ አዲስ ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 ፐርክን ካንሰር ያመጣሉ ተብለው ከሚጠረጠሩ ኬሚካሎች ጎራ መድቦታል። በተለይ የሚነሳው የፊኛ ካንሰር ነው፤ ነርቭን፣ ጉበትንና ኩላሊትንም ይጎዳል። ሕጉ ግን ከእውቀቱ ብዙ ዘገየ። የሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ በ1971 ያስቀመጠው ወሰን በስምንት ሰዓት ሥራ በአማካይ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 100 ነው፤ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ኢፒኤ በ2024 ዲሴምበር ባወጣው ደንብ ግን፣ ፐርክን መጠቀም እንዲቀጥሉ ለተፈቀደላቸው ፋብሪካዎች ያስቀመጠው ወሰን 0.14 ነው። ከቀድሞው በ700 እጥፍ ያነሰ ነው። እኔ የሠራሁባቸው ዓመታት በሙሉ በየትኛው ቁጥር እንደተለኩ አስቡት።

ለድራይ ክሊን ቤቶች ደንቡ ጊዜ ሰጥቷል። በፐርክ የሚሠራ አዲስ ማሽን ማስገባት ከ2025 ጁን አጋማሽ በኋላ አይቻልም፤ አሮጌዎቹ የማሽን ዓይነቶች በ2027 መጨረሻ ይቆማሉ፤ እኛ የነበረንን የመሰሉት እስከ 2034 ዲሴምበር መቆየት ይችላሉ። ካሊፎርኒያ ቀድማ ከ2023 ጀምሮ ከልክላለች። "አሥር ዓመት እያላችሁ ምን አስቸኮላችሁ?" ያላችሁን አላችሁ።

ባለፈው ዓመት ልብስ መተኮሻው ላይ የምትሠራው እህታችን ማርገዟን ስትነግረን፣ ደስ ብሎን ሳንጨርስ ፍርሃት ያዘን። ያን ቀን ወደ ካውንተር አዛወርናት። ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ካውንተሩንና ማሽኑን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። እንፋሎት መጋረጃ አያውቅም። እሷን አሥር ዓመት ጠብቂ ልንላት አንችልም። ጓንትና ማስክ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ስሱ የላስቲክ ጓንት ፐርክን ያሳልፋል፣ በወረርሽኙ ጊዜ የለመድነው ማስክም እንፋሎት አያቆምም። ጤና የሚጠበቀው ኬሚካሉ ራሱ ከቤት ሲወጣ ነው።

አሁን የምንሠራው ዌት ክሊኒንግ በሚባለው ዘዴ ነው። በውሃና በለስላሳ ሳሙና ነው፤ ማሽኑ የውሃውን ሙቀትና የሽክርክሪቱን ፍጥነት እንደ ጨርቁ ዓይነት ይመጥናል፣ ማድረቂያው ደግሞ እርጥበቱን እየለካ ልብሱ ከመጠን በላይ ሳይደርቅ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ልብሱን ወጥሮ መተኮስ አለ፤ ቀኑን የሚፈጀው ይሄ የእጅ ሥራ ነው፣ ዋጋውንም የጨመረው እሱ ነው። የወንድ ሙሉ ልብስ ከ16 ዶላር 18 ገብቷል።

የሐበሻ ቀሚስ ላላችሁ፣ ለእናንተ ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ጥጥ ውሃ ይወዳል። የሚያሠጋው የጥበቡ ቀለም ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅ የክሩ ጫፍ ላይ ጫን አድርገን እንይዛለን፤ ጨርቁ ቀለም ከተቀበለ ደውለን ሳናማክራችሁ አንነካውም። በወርቅ ዘቦ የተጠለፈ የሙሽራ ካባ ግን ውሃ ውስጥ አናስገባም፤ ለጊዜው አንቀበልም፣ ቅር አይበላችሁ።

ከደንበኞቻችን መካከል ራሳችሁ፣ ወይም ልጃችሁ፣ ሌላ ላውንደሪ ውስጥ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለምትነኩት ኬሚካል በምትረዱት ቋንቋ የመሠልጠን መብት አላችሁ፤ የደኅንነት መረጃ ወረቀቱንም አሠሪው ሊያሳያችሁ ይገባል። ለሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤት አቤቱታ ብታቀርቡ ስማችሁ ለአሠሪው እንዳይነገር መጠየቅ ትችላላችሁ። ወረቀቱ ካልገባችሁ ወደ እኛ አምጡት፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ቁጭ ብለን አብረን እናነባለን።

አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ልብስ ስታስረክቡ ነጠብጣቡ የወጥ ይሁን፣ የቅቤ ወይም የሻማ፣ ስንት ቀን እንደቆየም ንገሩን። ቅባት በፐርክ በቀላሉ ይወጣ ነበር፤ አሁን ቀድመን በእጃችን ማሸት ስላለብን ሳናውቀው ማሽን ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የላውንደሪያችሁ ባለቤትና ሠራተኞች