የወሰዳችሁትን ማይል መልሱልኝ

ቀን፡ የካቲት 2017 ዓ.ም.
ለ፡ አየር መንገዱ የተመላላሽ መንገደኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፡ በማይል ተይዞ ትኬት ሳይወጣለት ስለተሰረዘ ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ለዓመታት የእናንተ ደንበኛ ነኝ። ዱባይና ጓንጁ እየተመላለስኩ ልብስ አመጣለሁ። ሌላ ጋ ርካሽ ትኬት እያለ እንኳ በእናንተ የበረርኩት ለማይሉ፣ በበረርኩ ቁጥር ለሚጠራቀመውና በኋላ ትኬት ለሚያስገኘው ነጥብ ስል ነው። ሲጠራቀም እናቴን እልክበታለሁ ብዬ ነበር።

ጊዜው ደረሰ። ስቶክሆልም የምትኖረው እህቴ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው ታኅሣሥ ውስጥ ነበር። እዚያ ዘመድ የላትም። እናቴ ሄዳ ልታርሳት ቪዛ ወጣላት። በርበሬው ተፈጭቷል፣ ሽሮው ተመጥኗል፣ የገንፎው ዱቄት ተነፍቶ በላስቲክ ታስሯል። የቀረው ትኬት ብቻ ነው።

ድረ ገጻችሁ በማይል ወንበር የለም ይላል። ቀኑን ወደ ፊት ብገፋው የለም፣ ወደ ኋላ ብመልሰው የለም። ያንኑ በረራ በብር ስፈልገው ግን ወንበር እንደ ልብ ነው። ምክንያቱን አውቃለሁ። አየር መንገዶች ከእያንዳንዱ በረራ ላይ ለማይል የሚለቁት ጥቂት ወንበር ነው። በብር ይሸጣል ብለው የገመቱትን ይይዙታል፤ የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ደግሞ የሚለቁት ይበልጥ ያንሳል። ንግድ ነው፣ እኔም ነጋዴ ነኝ። ቅር ያለኝ ለአባልነት ስታስመዘግቡኝ ይህን የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ነው። «ማይልዎ ሲሞላ ወደሚፈልጉበት ይበራሉ» ነው የተባልኩት። እስካሁን ያየሁት ግን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለውን ነው።

አንድ ሌሊት ላይ ግን ወንበር ተገኘ። ያዝኩት። ማይሉ እዚያው በዚያው ከሒሳቤ ተቀነሰ። ታክሱንና «የአየር መንገዱ ተጨማሪ ክፍያ» የምትሉትንም ከፈልኩ፤ ገንዘቡ መውጣቱን ባንኬ በመልእክት አሳወቀኝ። ስለዚህ ክፍያ አንድ ነገር ልበል። የኤርፖርት ታክስ የእናንተ ስላልሆነ አልከራከርበትም። ተጨማሪ ክፍያው ግን ራሳችሁ የተመናችሁት ነው። በማይል የገዛሁትን ወንበር እንደገና በብር ታስከፍሉኛላችሁ ማለት ነው። ያም ሆኖ ከፈልኩ፤ እናቴ ትሂድልኝ እንጂ።

ከዚያ ኢሜይሉ መጣ። የእናቴ ስም ትክክል ነው። ቀኑም ትክክል ነው። ባለ 6 ፊደልና ቁጥር የቡኪንግ ኮዱም አለ። ዝቅ ስል የትኬት ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ትኬት የሚቆርጥ ሰው ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል። ኮዱ ወንበር ተይዟል ከማለት አያልፍም። ትኬት የሚባለው ባለ 13 አሃዙ ቁጥር ነው፤ እሱ ከሌለ ኤርፖርት ላይ ተሳፈሩ የሚል የለም። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ካልወጣ ደግሞ ሲስተሙ ቡኪንጉን ይሰርዘዋል።

ይህን ስለማውቅ ሲነጋ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሁት ነበረች። «አይጨነቁ፣ ሲስተሙ ቆይቶ ያወጣዋል» አለችኝ። አልወጣም። ደግሜ ደወልኩ። የሁለተኛው በረራ የአጋር አየር መንገድ ስለሆነ የእነሱ ማረጋገጫ እየተጠበቀ ነው ተባልኩ። እንደገና ስደውል «ቢሮ ይምጡ» ሆነ መልሱ። ማንም ጉዳዩን ይዞ እስከ መጨረሻው አልሄደም። በደወልኩ ቁጥር ታሪኩን ከሀ እጀምራለሁ።

ቢሮ ይምጡ ማለት ለሚለው ሰው ቀላል ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት፣ የከተማው ጫፍ። ጠዋት የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው። ቃሊቲ ደርሶ ሌላ መያዝ አለ፤ ከዚያ የሳሪስ መንገድ ከተዘጋጋ መሀል ከተማ መግቢያው አይታወቅም። ሱቅ ዘግቼ ነው የምመጣው። አየር መንገዶች በዓለም ዙሪያ የወረቀት ትኬት ትተው ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሮኒክ ትኬት የገቡት እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ማይሌን ከቤቴ ሳልወጣ መውሰድ የቻለ ሲስተም፣ ትኬት ለማውጣት ሲሆን ለምን ከተማ ድረስ ይጠራኛል?

ቢሮ ስደርስ ቡኪንጉ ተሰርዟል። ወንበሩ የለም። የተቀበለኝ ሠራተኛ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረልኝ። ማይሉ ተቀንሷል የሚለው መስመር አለ፤ ተመልሷል የሚል መስመር ግን የለም። «ይመለስ የሚል ጥያቄ እናስገባለን» አለኝ። ጥያቄው ገባ። እሱ መልስ ሳያገኝ የፈረንጆቹ ዲሴምበር 31፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ደረሰ። ከማይሌ ውስጥ የቆየው የመጠቀሚያ ጊዜው የሚያበቃው በዚያ ቀን ነበር። አሁን የምትሉኝ፣ ማይሉ ሲመለስ ጊዜው ያለፈበት አብሮ አይመለስም ነው።

ይህን ነው ልቀበለው የማልችለው። ማይሉ ጊዜው ሲያልፍ እኔ እጅ ላይ አልነበረም። ወስዳችሁታል። እናንተ ጋ ቁጭ ብሎ ነው ያለቀው። ልጠቀምበት ብፈልግ እንኳ ሒሳቤ ውስጥ ስለሌለ አልችልም ነበር።

ንግድ ሳልጀምር የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩና ይህን አሠራር ከውስጥ በኩል አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2018 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው 15ኛው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ነገሩን በግልጽ ይገዛዋል። ማይል የሚያስገኝ ትኬት ሲሸጥ፣ ከዋጋው ከፊሉ የማይሉ ድርሻ ነው። ያ ድርሻ ወዲያው ገቢ ተብሎ አይመዘገብም። ደንበኛው እስኪጠቀምበት ወይም ጊዜው እስኪያልፍበት ድረስ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። ማይል ችሮታ አይደለም፤ አስቀድሜ የከፈልኩበት ነገር ነው። ጊዜው ሲያልፍበት ደግሞ ዕዳው ለኩባንያው ገቢ ይሆናል። እንግዲህ አስቡት። ትኬቱን ሳታወጡ ቀራችሁ፣ ማይሉን ሳትመልሱ አቆያችሁ፣ በቆየው ልክ የእኔ ገንዘብ የእናንተ ሆነ። ሆን ተብሎ ነው አልልም። ግን ውጤቱ ይኸው ነው፤ ማስተካከልም ያለበት ጥቅሙ የደረሰው ወገን ነው።

አሜሪካን ኤርላይንስ ማይል መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሌሎቹም ወዲያው ተከተሉት፤ ተመላላሽ ሰው ወደ ሌላ እንዳይሄድ ማይል እንደሚይዘው ስላወቁ። እኔንም ይዞኝ ኖሯል። የያዘኝ ግን እምነት ነበር።

እናቴ በመጨረሻ በሌላ አየር መንገድ ሄደች። በሰሞኑ ዋጋ፣ በጥሬ ብር። የእቁብ ዕጣዬን ከአንዲት ጎረቤቴ ጋር ተለማምኜ ተቀያይሬ ነው የከፈልኩት። ስትደርስ እህቴ ወልዳ ከሆስፒታል ወጥታለች። ቤት ውስጥ ከጨቅላ ጋር ብቻዋን ነበረች፤ ውኃ የሚያሞቅላት እንኳ ሰው አልነበራትም። ስልክ ላይ ስታለቅስ የሰማኋት እኔ ነኝ። ይህን በገንዘብ ተምናችሁ እንድትከፍሉኝ አልጠይቅም።

የምጠይቀው የተቀነሰው ማይል በሙሉ፣ ጊዜው አልፏል የተባለውም ጭምር፣ ወደ ሒሳቤ እንዲመለስ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜውም ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠርልኝ፤ ነገ የሚያልቅ ማይል መመለስ መመለስ አይባልም። የከፈልኩት ታክስና ተጨማሪ ክፍያ፣ ትኬት ስላልወጣበት፣ ሳይጎድል ወደ ባንኬ ይግባ። ትኬቱ ለምን እንዳልወጣም በጽሑፍ ንገሩኝ። «ሲስተም ነው» የሚለውን መልስ አልቀበልም፤ ሲስተሙ የእናንተ ነው።

ለሌሎች ደንበኞቻችሁ ስል አንድ ነገር ልጨምር። የትኬት ቁጥሩ ሳይወጣ ማይሉን አትቀንሱ። መቅደም ካለበትም ቡኪንጉ በተሰረዘበት ሰዓት ያለ ማመልከቻ ይመለስ። ሲወስድ ሰከንድ ያልፈጀበት፣ ሲመልስ ወራት ሊፈጅበት አይገባም።

የኢሜይሉን፣ የባንኩን ማረጋገጫና ቢሮ ያስገባሁትን ጥያቄ ቅጂ አያይዣለሁ። የአባልነት ቁጥሬ እዚያ ላይ አለ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ ቢሮ ይምጡ የሚል ከሆነ ግን አልመጣም፣ የጎደለ ማስረጃ የለም።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ