ለልጄ፦ አባትሽ ደመወዙን የት እንዳዋለው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽ አርባ በደንብ ወጣ። የእድሩ ሰው፣ ጎረቤቱ፣ የድሮ ተማሪዎቹ ቤቱን ሞልተውት ዋሉ። ፓስፖርትሽ እድሳት ላይ ሆኖ መቅረትሽን ሁሉም ያውቃል፤ በዚህ እንዳትጨነቂ። በስልክ "ስለ አባዬ ጻፊልኝ፣ ለልጆቼ ላንብብላቸው" ብለሽኝ ነበርና ይኸው ጻፍኩልሽ።

ለቅሶው ላይ አንድ ዘመዳችን ምን አለ መሰለሽ? "አይ ቲቸር! ያን ሁሉ ዘመን አስተምሮ አንድ ቤት ሳይሠራ፣ ያለችውን በመንገድ ጨረሳት።" በክፋት አላለውም። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። እኔ ግን አልስማማም። ያቺ ደመወዝ የት እንደዋለች አውቃለሁ፤ ልጆችሽም ይወቁት።

አባትሽ ደብረ ብርሃን ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣ ወሎ ገጠር ተመደበ። ትምህርት ቤቱ ካርታ የለው፣ ሉል የለው። በየዓመቱ መስከረም ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ራሱ ይሥል ነበር። አንድ ቀን አንድ ተማሪ "ጋሼ፣ አባይ ምን ያህል ይሰፋል?" ብሎ ጠየቀው። መጽሐፉ ርዝመቱን ይናገራል እንጂ ስፋቱን አይናገርም። አባትሽም ወንዙን አይቶት አያውቅም። "አይቼው እነግርሃለሁ" አለው ልጁን። የእረፍት ጊዜው ሲደርስ ወደ ጎጃም በሚሄድ ጭነት መኪና ተሳፍሮ አባይ በረሃ ወረደ። ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃው ለካና ተመለሰ። ይህን ሲያጫውተኝ ገና አልተጋባንም ነበር። እኔ ያን ጊዜ ነው የወደድኩት።

በ1965 እና በ66 ድርቁ መጣ። ስለዚያ ጊዜ ማውራት አይወድም ነበር። ስም ሲጠራ "አቤት" የሚለው ልጅ በየሳምንቱ እያነሰ መሄዱን ብቻ ነው የነገረኝ። ሰዉ እህል ፍለጋ ቤቱን ጥሎ ወደ ዋናው መንገድ እየወጣ ነበርና። በኋላ፣ በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ወደ ወሎ ቦረና ሄደ። እኔ አንቺን አርግዤ ደሴ ቀረሁ። ያ ዘመቻ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። አባትሽ እስከ መጨረሻው ይኮራበት ነበር።

አንቺ የምታስታውሽው ጉዞ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ክረምት ላይ አይመችም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እሱም ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ይወርዳል። የእኛ ጊዜ የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ነበር። መምህራኑ እቁብ ነበራቸው። ዕጣው ቀድሞ ከወጣለት፣ ለተቸገረ ሰው ይለቅና ጥር ላይ የሚደርሰውን ይለዋወጥ ነበር። ገንዘቡ እጁ ሲገባ እኔ ዳቦ ቆሎና በሶ አዘጋጃለሁ። ከዚያ ገና ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ነን።

ሆቴል የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። አባትሽ ከተማ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ትምህርት ቤቱ የት ነው?" ብሎ ነው። ትምህርት ቤት ካለ መምህር አለ። መምህር ካለ ደግሞ አብሮት የሠለጠነ ወይ ክረምት ኮርስ ላይ የተዋወቀው አይጠፋም። ወልድያ እንዲህ አደርን፣ ጋሸና እንዲህ አደርን፣ ደብረ ታቦርም እንዲሁ። ላሊበላ ስንደርስ ያሳደሩን መምህር ባለቤት አራስ ነበረች፤ እኔ ገንፎ ሳገነፋ፣ እነሱ እናንተን ይዘው ቤተ ጊዮርጊስን አሳዩአችሁ። እኔ በማግስቱ ነው ያየሁት። የኛም ቤት ለሌላው እንዲሁ ነበር። ከጎንደርም ከሐረርም የመጣ መምህር ወለሉ ላይ ፍራሽ ተዘርግቶለት ያድራል። አልጋሽን ለእንግዳ ስትለቂ ታኮርፊ ነበር፤ ጠዋት ግን እንግዳው ስለ አገሩ ሲያወራ ከአጠገቡ አትነሺም።

ሐይቅን ታስታውሻለሽ? ከደሴ ቅርብ ስለሆነ ገንዘብ ባጣን ዓመት የምንሄደው እዚያ ነበር። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። ወንድምሽ ከአንድ ዲያቆን ጋር ገባ። አባትሽን "አንተም ግባ እንጂ" ብለው፣ "እናንተን ውጭ ትቼ?" ብሎ ከእኛ ጋር ዛፍ ሥር ተቀመጠ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚህ ያስተምሩ እንደነበር፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው ከተማሪዎቻቸው አንዱ እንደሆኑ አጫወተን። አንቺ "እሳቸውም ጠመኔ ነበራቸው?" ብለሽ ጠየቅሽው። ሳይስቅብሽ፣ ብራና እንዴት ተፍቆ እንደሚዘጋጅ፣ ቀለም ከምን እንደሚበጠበጥ አንድ በአንድ አስረዳሽ። ልጅን እንዲህ አክብሮ የሚመልስ ሰው ብዙ አላየሁም።

የአሰቡን ግን አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ እኔ ትንሿን ይዤ ቀርቼ ነበር። አንደኛ ክፍል ነበርሽ። ያኔ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ካልያዝሽ የትም አትሄጂም፤ እሱን ለማግኘት ስንት ቀን ተመላለሰ! ከዚያ አንቺንና ወንድምሽን ይዞ በሚያውቀው ሾፌር መኪና በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ወረደ። ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ የባሕር ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ ነበር። ክፍል ወስዶት ተማሪው ሁሉ በጣቱ እየነካ ቀመሰው። እኔም ቀመስኩ። ኤርትራ በ1985 ነጻ ሀገር ስትሆን ካርታው ተለወጠ። አዲሱን ካርታ ሰሌዳው ላይ ሲሥል፣ ከልማዱ የተነሳ ጠመኔው ወደ ቀይ ባሕር ዳር እየሄደበት ይደመስስ እንደነበር ነግሮኛል።

አሜሪካ አንቺ ጋ የመጣ ጊዜም ያው ነበር። "ኒው ዮርክ በአውሮፕላን ልውሰድህ" ስትዪው "ከላይ ሆኖ ምን ይታያል?" ብሎ በባቡር ሄዳችሁ። ሳስኩዌሃና እና ዴላዌር የሚባሉትን ወንዞች ስትሻገሩ ያየውን በደብተሩ ጽፎታል። ድልድዩ ከምን እንደተሠራ፣ ውሃው ምን እንደሚመስል፣ አንቺ መስኮቱ አጠገብ እንቅልፍ ወስዶሽ እንደነበር። ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤ ስትመጪ ትወስጂዋለሽ።

እንግዲህ ገንዘቡ የሄደው እዚህ ነው። ወንድምሽ ዛሬ መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ሆኗል። ትንሿ እህትሽ በፈንታዋ ታስተምራለች። አንቺ ማንም በሌለሽ አገር ብቻሽን ገብተሽ ሳትደነግጪ ቤት መሠረትሽ። ያ ዘመዳችን የሚለውን ቤት ብንሠራ ኖሮ ጥሩ ነበር፣ አልክድም፤ የኪራይ ኑሮ ከብዶናል። ግን ምረጪ ብባል ያቺን ጥር ወር አልሰጥም።

አሁን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። አባትሽ ሐረርን ሳያያት ነው ያረፈው። የጀጎልን አምስት በሮች ለተማሪዎቹ በስም ያስተምር ነበር፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ሁልጊዜ "በሚቀጥለው ዓመት" ሲል፣ አንዴ ሕመሙ፣ አንዴ የአገሩ ሁኔታ እየከለከለው ቀረ። ፓስፖርትሽ ሲያልቅ ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር በመኪና መሄድ እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰላሙን ያምጣልንና እሱንም እናየዋለን። ሐረር ግን እንሂድ። አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ እቀበላችኋለሁ። ከለቡ ጣቢያ በአዲሱ ባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥተን እንገባለን። አውሮፕላን አትቁረጪ፤ ልጆቹ አዋሽን ይዩ፣ ግመሉን ይዩ።

እህትሽ ሐረር የምታስተምር ጓደኛ አለቻት፤ ነግራታለች፣ ማደሪያ አታስቢ። አንቺ የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትን ቀን ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ። ጀጎል ውስጥ መንገዱ ድንጋይ ነው አሉ፤ ጠንካራ ጫማ ይዘሽላቸው ነይ። ዳቦ ቆሎው በኔ ነው።

እናትሽ
ከደሴ