የጋራ በጀት ከመመሥረቱ በፊት የሒሳብ መዝገብ ይከፈት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ተቀናጅተው ይሥሩ የሚለው ጥሪ ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ጥሪው አብዛኛውን ጊዜ የመግባቢያ ሰነድ በመፈረም ያበቃል። ሰነዱ የመልካም ፈቃድ መግለጫ ከመሆን አልፎ የሁለትና የሦስት መሥሪያ ቤቶችን ገንዘብ አንድ ላይ ለማዋል እንዲበቃ ከተፈለገ፣ መተማመኑ በምን ላይ እንደሚቆም አስቀድሞ በግልጽ መነገር አለበት ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

የችግሩ ሥር ወጪ የሚያወጣው አንዱ፣ ከወጪ የሚድነው ደግሞ ሌላው መሆኑ ነው። አቅመ ደካማ የሆነ አረጋዊ በመኖሪያ ቤቱ እንዳይወድቅ ደረጃው እንዲስተካከልለትና መደገፊያ እንዲገጠምለት የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ አረጋዊው ባለመውደቁ የቀዶ ሕክምናና የአልጋ ወጪ የሚቀርለት ግን ሆስፒታሉ ነው። ከእስር የተፈታ ወጣት ሙያ ተምሮ ሥራ ሲይዝ ሸክሙ የሚቀልለት ፖሊስና ማረሚያ ቤቱ ሲሆን፣ የሥልጠናው ወጪ በሌላ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ላይ ይመዘገባል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ አንድ ኃላፊ በጀቱን ለማጋራት ቢያመነታ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የሚጠየቀው በስሙ ስለተመደበለት ገንዘብ ብቻ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ኃላፊዎችን በንግግር ከመምከር ይልቅ የሚጠየቁበትን ሥርዓት መለወጥ ይሻላል።

የእንግሊዝ ልምድ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። የጤና አገልግሎቱና የአካባቢ ምክር ቤቶች በፈቃዳቸው በጀታቸውን በአንድ ቋት እንዲያኖሩ የሚያስችል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የተሻለ እንክብካቤ ፈንድ የተባለው መርሐ ግብር ግን ፈቃዱን ወደ ግዴታ ለወጠው። በመጀመሪያው የበጀት ዓመት 5.3 ቢሊዮን ፓውንድ በቋቱ ገባ፤ ይሁን እንጂ ገንዘቡ በአብዛኛው ከነባር በጀት የተዘዋወረ ነበር፤ ዕቅዱም በድንገተኛ ሕመም ሆስፒታል የሚገቡ ሰዎች በ106 ሺሕ ይቀንሳሉ የሚል ታሳቢ ይዞ ተነሣ። የአገሪቱ ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሪፖርት እንዳመለከተው ቁጥሩ በመቀነስ ፈንታ በ87 ሺሕ ጨመረ። አብዛኞቹ አካባቢዎች ፈንዱ ተቀራርበው እንዲሠሩ እንደረዳቸው መመስከራቸውም በዚያው ሪፖርት ሰፍሯል። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ትብብሩ ሊዳብር እየቻለ፣ ገና ያልተገኘ ቁጠባ እንደ ተገኘ ተቆጥሮ በዕቅድ ውስጥ መግባቱ ከአቅሙ በላይ እንዳሸከመው ነው።

ስዊድን በሌላ መንገድ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ፣ የሥራ ስምሪት አገልግሎቱ፣ የጤና አገልግሎት የሚያስተዳድሩት ክልሎችና ማዘጋጃ ቤቶች፣ ከሥራ ዓለም የራቁ ሰዎችን ለማቋቋም በፈቃዳቸው የጋራ ማኅበር ይመሠርታሉ። ከወጪው ግማሹን መንግሥት፣ ሩቡን ክልሉ፣ ቀሪውን ሩብ ማዘጋጃ ቤቶቹ ይሸፍናሉ። ማኅበሩ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት፣ የራሱ ቦርድና የራሱ ኦዲተሮች አሉት፤ በመሆኑም የጋራ ገንዘብ የማንም አይደለም፣ ስለዚህ ተጠያቂ የለውም ለሚለው ተገቢ ሥጋት መልስ ይሰጣል። ድርሻው አስቀድሞ በሕግ ስለተወሰነም መሥሪያ ቤቶቹ በየዓመቱ ማን ምን ያህል ያዋጣ በሚል ክርክር ጊዜያቸውን አያጠፉም።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ መደረግ ያለበት፣ መሥሪያ ቤቶቹ ጉድለታቸውን ጭምር የሚያሳየውን የሒሳብ መዝገብ እርስ በርስ መግለጥ ነው። ጉድለቱን የደበቀ ወገን ቋቱን ለራሱ ቀዳዳ መድፈኛ ሊያደርገው እንደሚችል ሌላው መጠርጠሩ አይቀርም፤ ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ደግሞ የትኛውም ፊርማ አያወጣውም። ቀጥሎ ወጪው ከዕቅድ ቢያልፍ ጭማሪውን ማን እንደሚሸፍን፣ አንዱ ወገን መውጣት ቢፈልግ ምን ያህል ጊዜ አስቀድሞ ማስታወቅ እንዳለበትና የጀመረው አገልግሎት በማን እጅ እንደሚቀጥል በጽሑፍ ይወሰን። ስለ መለያየት አስቀድሞ መነጋገር ብዙዎችን ያሳፍራቸዋል፤ ይሁንና መውጫውን የሚያውቅ ሰው ለመግባት አይፈራም። ስምምነቱም በሁለት ኃላፊዎች ወዳጅነት ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል፣ ባለሙያዎቹ በየጊዜው ተገናኝተው ሒሳቡን የሚያዩበት ቋሚ ሥርዓት ይኑር፤ ኃላፊዎች ይቀያየራሉና።

የገንዘብ ጉዳይ የሚመለከታቸው አካላትም ድርሻ አላቸው። በጋራ ቋት ያለ ገንዘብ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ተመላሽ የሚደረግ ከሆነ፣ ውጤቱ ከዓመት በላይ የሚጠይቅ ሥራ ላይ የሚሰማራ አይገኝም። ስለዚህ ያልተጠናቀቀ የጋራ ፕሮጀክት ገንዘብ ወደሚቀጥለው ዓመት እንዲሸጋገር የሚፈቅድ ደንብ እንዲወጣና አንድ የጋራ የኦዲት ሪፖርት በሁሉም ተሳታፊ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ተቀባይነት እንዲያገኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ