ራሱ ያጠጣል ተብሎ የተሸጠልኝ መትከያ የኦርኪዶቼን ሥር አበሰበሰው

ለ፦ የአበባ መትከያዎቹ አምራችና ሻጭ ድርጅት፣ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ «ለማንኛውም ኦርኪድ» ተብለው ስለተሸጡልኝ 5 ራሳቸው የሚያጠጡ መትከያዎች

ጤና ይስጥልኝ።

በ7 ወር ውስጥ 3 ኦርኪዶች ሞተውብኛል። ሦስቱም የሞቱት ከእናንተ በገዛኋቸው መትከያዎች ውስጥ ነው። አንዱ እናቴ የሰጠችኝ፣ ፋሌኖፕሲስ የሚባለው ዓይነት ነጭ ኦርኪድ ነበር። 9 ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ አንድም ዓመት ሳያብብ ቀርቶ አያውቅም። ደብዳቤውን የምጽፈው ገንዘቤን ለማስመለስ ብቻ አይደለም። ካርቶናችሁ ላይ የሰፈረው ነገር ስህተት ነው። ነገ ሌላ ሰው ያንኑ አምኖ ሲገዛ የእኔ ዕጣ እንዲደርሰው አልፈልግም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ለሥራ ብዙ ጊዜ ከቤት እርቃለሁ። አንዳንዴ 10 ቀን፣ አንዳንዴ 2 ሳምንት። ኦርኪዶቼን በዛፍ ቅርፊት ውስጥ ተክዬ በሳምንት አንዴ አጠጣቸው ነበር። ስርቅ ደግሞ ይደርቁብኝ ጀመር። ስለዚህ ውሃ የሚያጠራቅም መትከያ ፈለግሁ። የእናንተ ካርቶን ላይ በትልቁ «ራሱ የሚያጠጣ» ይላል። ዝቅ ብሎ «ከፊል ሃይድሮፖኒክ»፣ ማለትም ያለ አፈር፣ ከታች በተቀመጠ ውሃ የሚያሳድግ። ከዚያ ሥር «ለማንኛውም ኦርኪድ»። ሦስቱንም አመንኩና 5 ገዛሁ።

ውስጡ ያለው የመመሪያ ወረቀት 4 ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ተክሉን ከድሮው ዕቃ አውጡ። አብሮ በመጣው ሞስ (ውሃ በሚይዝ የደረቀ ለስላሳ ተክል) ሥሩን ጠቅልላችሁ ትከሉ። ቀዩ ምልክት «ሙሉ» የሚለው ላይ እስኪደርስ ውሃ ጨምሩ። ሲወርድ መልሳችሁ ሙሉ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አንድም ነገር አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

በ6ኛው ሳምንት የእናቴ ተክል ቅጠሎች ለሰለሱ። መሃላቸው ላይ መጨማደድ ጀመሩ። ውሃ የጠማው ተክል ነው የሚመስለው። ምልክቱ ግማሽ ላይ ስለነበር ሞላሁት። ቅጠሎቹ ይባሱኑ ተዝለፈለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ጎንበስ ስል ሽታው መጣብኝ፤ የቆየ የረጋ ውሃ ሽታ። ያኔ ነው ያወጣሁት።

ሥሩን በሁለት ጣቴ ያዝ አድርጌ ሳብ አደረግሁት። ላዩ እንደ ካልሲ ተንሸራቶ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ የቀረው ቀጭን ክር ብቻ ነው። ቡናማ፣ ሙክክ ያለ፣ ሲጫኑት ውሃ የሚያወጣ። ከ14 ሥር ጤነኛ ሆነው ያገኘኋቸው 2 ናቸው። ሁለቱም ከሞሱ በላይ አየር ላይ የነበሩ ናቸው። ቅጠሉ የተጨማደደው ውሃ ስላነሰው ሳይሆን ውሃ የሚጠጣበት ሥር ስላለቀ ነው። እኔ ደግሞ እየጨመርኩበት ነበር።

የደንበኞች አገልግሎታችሁ የመጀመሪያ መልስ «ውሃ አብዝተውበት ይሆናል» የሚል ነበር። ይህ መልስ በጣም አሳዝኖኛል። የውሃውን መጠን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም። የወሰነው የእናንተ ምልክት ነው። በሁለተኛው መልሳችሁ ደግሞ «ተክሉ አርጅቶ ሊሆን ይችላል» አላችሁኝ። ፋሌኖፕሲስ በ9 ዓመቱ አርጅቶ የሚሞት ተክል አይደለም። በደንብ ከተያዘ ከዚያ በላይ ብዙ ይኖራል።

ነገሩ እንዲገባኝ መትከያውን ፈታትቼ በማስመሪያ ለካሁት። መትከያው አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ሁለት ዕቃ ነው። የውስጠኛው ዕቃ ወለል ከውጪኛው ወለል 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ይህ ጥሩ ነው። ግን «ሙሉ» የሚለው ምልክት 7 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ምልክቱን አምኖ የሚሞላ ሰው የውስጠኛውን ዕቃ የታችኛውን 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ይነክረዋል ማለት ነው። በውጪኛው ዕቃ ጎን ላይ ደግሞ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ የለም። በውስጠኛው ጎን ላይም አየር የሚገባበት አንድም ክፍተት የለም።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ልሁን። 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ በራሱ ኦርኪድ አይገድልም። በትክክለኛው ከፊል ሃይድሮፖኒክ አተካከልም ታች 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይቀመጣል። ልዩነቱ ውሃው ምን ውስጥ እንደቆመ ነው። በዚያ አተካከል ሥሩ የሚቀመጠው በተቃጠለ የሸክላ ጠጠር፣ ብዙዎቻችን ሌካ በምንለው ውስጥ ነው። ጠጠሩ ውሃውን እንደ ኩራዝ ክር ቀስ እያለ ወደ ላይ ይስበዋል። በጠጠርና በጠጠር መሃል ግን ሰፊ ክፍተት ስላለ አየር ይዘዋወራል። ሞስ እንዲህ አይደለም። ውሃ ሲያገኝ እስከ አፉ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ክፍተቱን ሁሉ ይዘጋል። በእጅ ለሚያጠጣና እስኪደርቅ ለሚጠብቅ ሰው ሞስ ግሩም ነገር ነው። ከታቹ ውሃ ተቀምጦለት ቀንና ሌሊት ከጠጣ ግን ሥሩን ያፍነዋል።

የፋሌኖፕሲስ ሥር እንደ ሌላው አበባ ሥር አይደለም። በተፈጥሮው ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ተክል ነው፤ ሥሩ ነፋስ ላይ ነው የሚውለው። ላዩን ቬላመን የሚባል እንደ ስፖንጅ ያለ ሽፋን አለው። ዝናብ ሲመጣ ውሃውን ቶሎ ይመጥጣል፣ ከዚያ ይደርቃል። ሲጠጣ አረንጓዴ፣ ሲደርቅ ብርማ ግራጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ይህ ሽፋን አየር ሳያገኝ ሁሌ ርሶ ከቆየ ይበሰብሳል። ኦርኪድ የሚያሳድግ ብዙ ሰው ሥሩን ዓይቶ ነው ውሃ የሚሰጠው። የእናንተ ውስጠኛ ዕቃ ግን ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ሥሩ እየበሰበሰ መሆኑን የማይበት መንገድ አልነበረኝም። ውሃ የሚቀመጥበት ውጪኛው ደግሞ ብርሃን አስተላላፊ ስለሆነ በወሩ አልጌ አበቀለ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ውስጠኛው ቢያሳይ፣ ውጪኛው ቢጋርድ ይሻል ነበር።

ሌላው ወረቀታችሁ ያላነሳው ነገር ጊዜው ነው። እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። በቅርፊት ውስጥ ያደገ ሥር ደረቅ ኑሮ የለመደ ሥር ነው። ድንገት እርጥብ ቦታ ሲገባ አብዛኛው አይችለውም። እርጥበቱን የሚችለው እዚያው ውስጥ አዲስ የሚበቅለው ሥር ነው። ስለዚህ ተክል የሚዛወረው ከግንዱ ግርጌ አዲስ አረንጓዴ የሥር ጫፍ ብቅ ብቅ ሲል ነው። አሮጌው ሲዳከም አዲሱ ይረከበዋል። የእናቴን ተክል ያዛወርኩት የአበባ ዘንግ አውጥቶ፣ ጉልበቱን ሁሉ እምቡጥ ላይ እያዋለ ሳለ ነው። አንድም አዲስ ሥር አልነበረውም። በወረቀታችሁ ላይ አንድ መስመር ብትጽፉ ኖሮ እጠብቅ ነበር። 2 ወር መጠበቅ ለእኔ ምንም አልነበረም።

«ለማንኛውም ኦርኪድ» የሚለውንም አንሱት። በኦርኪድ ቤተሰብ ውስጥ ከ25,000 በላይ ዝርያ አለ። ለምሳሌ ፍራግሚፔዲየም የሚባለው ኦርኪድ በተፈጥሮው ውሃ በሚንጠባጠብበትና በወንዝ ዳር የሚገኝ ስለሆነ ሥሩ ቢረጥብ ደስ ይለዋል። ካትሊያ ግን በየመሃሉ መድረቅ ይፈልጋል። ዴንድሮቢየም ኖቢሌ ከማበቡ በፊት ውሃ የሚቀነስበት የዕረፍት ጊዜ አለው፤ ውሃ የማያቋርጥ መትከያ ውስጥ ይህን ዕረፍት ከየት ያመጣል? ካርቶናችሁ ላይ ፎቶው ያለው ቫንዳ ደግሞ ብዙ ሰው ያለምንም አፈርና ጠጠር፣ ሥሩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚያሳድገው። ከሞቱብኝ 3 ተክሎች አንዱ ካትሊያ ነበር። ፎቶውን አይቼ ነው እዚያ ውስጥ ያስገባሁት።

የማዳበሪያውን ጉዳይ በአጭሩ ላንሳ። አብሮ የመጣው የማዳበሪያ ዱቄት ማሸጊያው ላይ ከውሃው ጋር እንዲጨመር ይላል። ግን ማዳበሪያ የተጨመረበት ውሃ ሲተን ጨዉ ይቀራል። ንጹሕ ውሃ ከላይ አፍስሶ ማጠብ ያስፈልጋል። መውጫ ቀዳዳ በሌለው ዕቃ ውስጥ በየት በኩል ነው የሚታጠበው? በ3ኛው ወር የሞሱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ነበር።

አሁን ስለቀሩት 2 ተክሎች ልንገራችሁ፤ የችግሩ ማስረጃ እነሱ ናቸውና። ሦስተኛው ሲሞት የቀሩትን አወጣኋቸው። የበሰበሰውን ሥር በንጹሕ መቀስ ቆረጥኩ። ሞሱን ጣልኩ። ሌካ ገዛሁና አቧራው እስኪለቅ አጠብኩት፤ አንድ ሌሊትም ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ከዚያ የእናንተኑ መትከያ ወሰድኩ። የውስጠኛውን ዕቃ ጎን በመሰርሰሪያ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግሁት። በውጪኛው ጎን ደግሞ ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ላይ 2 ቀዳዳ በሳሁ። አሁን ውሃ ስሰጥ ከላይ እስኪሞላ አፈስሳለሁ፤ ትርፉ በቀዳዳው ይወጣል። የቆየው ውሃና ጨው አብሮ ይታጠባል። ውሃው ሲወርድ ከላይ አዲስ አየር ይስባል። መስኮት ዳር ማታ ስለሚቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ፈቀቅ አደረግኋቸው። እርጥብ ጠጠር ውሃው ሲተን ከክፍሉ የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ ፋሌኖፕሲስ ደግሞ ከ16 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜ አይወድም። ይህም ወረቀታችሁ ላይ የለም።

በ5ኛው ሳምንት አንደኛው አዲስ ሥር አወጣ። ጫፉ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ። በጠጠሮቹ መሃል መንገድ እየፈለገ ወደ ታች ሲወርድ በየጠዋቱ አየው ነበር። ሁለተኛው ዘግይቶ ተከተለው። አንድ ዓይነት ፕላስቲክ፣ አንድ ዓይነት ቤት፣ አንድ ዓይነት እጅ። በዋናነት የተለወጡት ጠጠሩና ቀዳዳዎቹ ናቸው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ እነሆ። አንደኛ፣ የ5ቱንም መትከያዎች ዋጋ መልሱልኝ። ሁለቱን በስቼ ስለተጠቀምኩባቸው ብቻ ከሒሳቡ አትቀንሱ፤ የበሳኋቸው እናንተ መብሳት የነበረባችሁ ቦታ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ «ለማንኛውም ኦርኪድ» የሚለውን ጽሑፍና የቫንዳውን ፎቶ ከካርቶኑ ላይ አንሱ። «ከፊል ሃይድሮፖኒክ» ማለቱን ከፈለጋችሁ ሞሱን በሌካ ቀይሩት፣ መውጫ ቀዳዳውንም አብጁለት። ያለዚያ ቃሉን ተዉት። ውሃ የሚያጠራቅም የአበባ መትከያ በሉት፤ አፈርና እርጥበት ለሚወዱ ተክሎች ዕቃው እንደዚሁም መልካም ነው። ሦስተኛ፣ «ሙሉ» የሚለውን ምልክት እኔ ቀዳዳ ወደበሳሁበት 5 ሳንቲ ሜትር አውርዱት። ይህ ለእናንተ አዲስ ወጪ አይመስለኝም፤ ምልክቱን የማተም ጉዳይ ነው። አራተኛ፣ ወረቀቱ ላይ አዲስ ሥር ብቅ ሲል አዛውሩ የሚል መስመር ጨምሩ።

ከዚህ በፊት ስለገዙት ሰዎችም አስቡ። ምናልባት ዛሬ ቅጠሉ ለስልሶባቸው ውሃ እየጨመሩ ያሉ ይኖራሉ። ስልካቸው ወይም ኢሜይላቸው በእጃችሁ ካለ አሁኑኑ አሳውቋቸው። ተክሉን አውጥተው ሥሩን ይዩ። ጥቂት ጤነኛ ሥር ከቀረለት ገና ሊድን ይችላል።

የደረሰኙን ቅጂ፣ በማስመሪያ የለካሁበትን ፎቶ፣ የሞቱትን ተክሎች ሥርና የተረፉትን አዲስ ሥር የሚያሳዩ ፎቶዎች አያይዤአለሁ። በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። መልሱን የሚጽፈው ሰው ከመጻፉ በፊት አንዱን መትከያ ከመደርደሪያ አውርዶ እስከ «ሙሉ» ውሃ ይሙላው፤ ከዚያ የውስጠኛውን ዕቃ አንስቶ ታቹን ይመልከት።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ